ከትኩሳቱ እስከ መጀመሪያው መርፌ



የተጠራሁት በሕፃናት ላይ ስለሚደርሰው ማጅራት ገትር፣ በተለይም ባክቴሪያ ስለሚያመጣው ዓይነት እንድናገር ነው። ከሁሉ በፊት ግን የልቤን ላስቀድም። የሕፃናት ሐኪም ሆኜ ስሠራ በዚህ በሽታ ያጣናቸውን ልጆች መለስ ብዬ ሳስብ፣ መድኃኒት ስለሌለ የሞቱብን ጥቂቶች ናቸው። የሚያድነው መድኃኒት በየሆስፒታሉ አለ፣ በብዙ ጤና ጣቢያም ይገኛል። ልጆቹ የሚያመልጡን ትኩሳቱ ከጀመረበት ሰዓት አንሥቶ የመጀመሪያውን መርፌ እስከሚወጉበት ሰዓት ድረስ ባለው መንገድ ላይ ነው። ያ መንገድ የትና የት ላይ እንደሚረዝም እናውቃለን፤ ስለምናውቀውም ማሳጠር እንችላለን። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ይዤያችሁ እሄዳለሁ።

በመጀመሪያ በሽታው ምን እንደሚያደርግ እንይ። አንጎላችንና ህብለ ሰረሰራችን በሦስት ስስ ሽፋኖች ተጠቅልለዋል። በሽፋኖቹ መካከል ጥርት ያለ ፈሳሽ ይዘዋወራል፤ አንጎልን ከግጭት የሚጠብቀው እሱ ነው። ባክቴሪያ ወደዚያ ፈሳሽ ገብቶ ሽፋኖቹ ሲቆጡ ነው ማጅራት ገትር ያዘው የምንለው። ቫይረስም፣ የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስም፣ ፈንገስም ሽፋኑን ሊያስቆጡ ይችላሉ። ቫይረስ የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ በራሱ ያልፋል። ባክቴሪያ የሚያመጣው ግን ጠዋት ሲጫወት የነበረን ልጅ ማታ ራሱን ሊያስተው ይችላል።

ብዙ ሰው የሚገረመው ባክቴሪያዎቹ የት እንደሚኖሩ ሲሰማ ነው። ኒሞኮከስና ሜኒንጎኮከስ የተባሉት በጤነኛ ሰው አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ይኖራሉ። በሳል፣ በማስነጠስ፣ በመሳሳም፣ በአንድ መኝታ ተጠጋግቶ በማደር ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋሉ። ተሸክሟቸው ከሚኖረው ሰው መካከል የሚታመመው እጅግ ጥቂቱ ነው። በነዚያ ጥቂቶች ላይ ባክቴሪያው የጉሮሮን ስስ ሽፋን ጥሶ ደም ውስጥ ይገባል፤ በደም ተጉዞም ደምን ከአንጎል የሚለየውን አጥር ይሻገራል። ከዚያ ወዲያ የሚያግደው ኃይል አነስተኛ ነው፤ ደም ውስጥ ያሉት የመከላከያ ሴሎችና ፕሮቲኖች በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሉም ማለት ይቻላልና። እንደልቡ ይራባል። ሰውነት ዘግይቶ ነጭ የደም ሴሎችን ሲልክ ደግሞ ውጊያው ራሱ ጉዳት ያመጣል። አንጎል ያብጣል፣ ትንንሽ የደም ሥሮች ይዘጋሉ፣ የፈሳሹ መውረጃ ይደፈናል። የራስ ቅል አጥንት ስለማይለጠጥ ግፊቱ መሄጃ ያጣል። ልጁ የሚያስመልሰው፣ ሰውነቱ የሚንቀጠቀጠው፣ በመጨረሻም የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛው ባክቴሪያ ነው የሚለው በልጁ ዕድሜ ይለያያል። አንድ ወር ያልሞላውን ጨቅላ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ሲወለድ ከወሊድ መንገድ ወይም ከተወለደ በኋላ ከአዋቂ እጅና ከሕክምና ዕቃ የሚያገኘው ነው፤ ኢ ኮላይ፣ ክሌብሲየላ እና የቡድን ቢ ስትሬፕቶኮከስ ከዋነኞቹ ይቆጠራሉ። ከዚያ ከፍ ላለው ልጅ ሦስቱ ታዋቂዎች ኒሞኮከስ፣ ሜኒንጎኮከስ እና ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ዓይነት ቢ ናቸው። የመጨረሻውን ባለሙያዎች በአጭሩ ሂብ እንለዋለን።

ባክቴሪያው በጎን በርም ይገባል። ልጁ ወድቆ የራስ ቅሉ ከተሰነጠቀ፣ አከርካሪው ሳይዘጋ ከተወለደ፣ ጆሮው ሲመግል ከርሞ ካልታከመ መንገድ ያገኛል። ጆሮን በተለይ ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። መግል የሚወጣውን ጆሮ "ሲያድግ ይተወዋል" ብሎ ዓመት ሙሉ በጥጥ እየጠረጉ መኖር የተለመደ ነው። የጆሮው አጥንት ከአንጎል ሽፋን ጋር የሚዋሰን መሆኑን ያወቀ ወላጅ እንዲህ አይታገሥም።

አሁን ስለ ወረርሽኝ ትንሽ ልበል፤ ማጅራት ገትር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ዛሬ ከሴኔጋል አንሥቶ እስከ አገራችን ኢትዮጵያ የሚዘረጋውን የማጅራት ገትር ቀበቶ መጀመሪያ በዚህ ስም የጠራው ፈረንሳዊው ሐኪም ላፔሶኒ እ.ኤ.አ. በ1963 ነው፤ ስሙም ጸና። በዚህ ቀበቶ ውስጥ በደረቁ የበጋ ወራት፣ አቧራ ሲነሣና ጉሮሮ ሲደርቅ፣ ሜኒንጎኮከስ በየተወሰነ ዓመት እየተነሣ ሕዝብ ይፈጅ ነበር። ኢትዮጵያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1981ና በ1989 የደረሱትን ወረርሽኞች የሚያስታውስ አዛውንት እዚህ አዳራሽ ውስጥ አይጠፋም፤ በእያንዳንዳቸው በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው ታሟል። እ.ኤ.አ. በ1996ና በ1997 በአፍሪካ በተነሣው ትልቁ ወረርሽኝ ከ250,000 በላይ ሰው ታሞ ወደ 25,000 የሚጠጋ ሞቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ግን ልብ የሚያሞቅ ነው። ለአፍሪካ ታስቦ፣ በአንድ መጠን ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም ባነሰ ዋጋ የተሠራው ሜንአፍሪቫክ የተባለው ክትባት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ቡርኪና ፋሶ ላይ ተጀመረ። እኛ አገር እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2015 ድረስ ከ1 እስከ 29 ዓመት ላሉ ሰዎች በየክልሉ በዘመቻ ተሰጠ። ያንን ሁሉ መከራ ያመጣ የነበረው ዓይነት ኤ ሜኒንጎኮከስ ከቀበቶው ጠፋ ለማለት የሚያስደፍር ደረጃ ላይ ተደርሷል፤ ሲ፣ ደብልዩና ኤክስ የተባሉት ዘመዶቹ ግን አሁንም አሉ።

ይህን ያህል ስለ ወረርሽኙ። እኔን የሚያሳስበኝ ወሬ የማይሆነው ማጅራት ገትር ነው። ክረምት ከበጋ፣ አንድ ቀበሌ ውስጥ አንድ ልጅ፣ ሌላ ቀበሌ ውስጥ ሌላ ልጅ እያለ የሚወስደው። እሱን ሬዲዮ አይናገረውም፤ ስለዚህ እናት "ወረርሽኝ ገብቷል አልተባለም" ብላ ተረጋግታ ትቀመጣለች።

መንገዱ መጀመሪያ የሚረዝመው ቤት ውስጥ ነው። ትልልቅ ልጆች ምልክቱን ራሳቸው ይናገራሉ። ራሴን አመመኝ ይላሉ፣ ብርሃን ያስጠላቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ማስጠጋት ያቅታቸዋል። የአንገት መገተር ሁሉም የሚያውቀው ምልክት ነው። አደጋውም ይኸው ነው፤ ዓመት ተኩል ያልሞላው ሕፃን አንገቱ ላይገተር ይችላል። "አንገቱ ደህና ነው" ተብለው ቤት የዋሉ ሕፃናት ብዙ ናቸው። ትንሽ ሕፃን የሚያሳያችሁ ሌላ ነው። ጡት አልይዝ ይላል፤ ይዞም ከሆነ ሁለት ሦስቴ ስቦ ይለቃል። ድምፁ ቀጭን፣ ስል፣ ከወትሮው የተለየ ለቅሶ ያለቅሳል። ሲያቅፉት የሚብስበት ሕፃን በተለይ ያስፈራኛል፤ ጤነኛ ሕፃን ሲታቀፍ ይጽናናል፣ ይህኛው ግን ሲያነሡት አከርካሪው ስለሚታመም ይጮኻል። ወይም በተቃራኒው ዝም ይላል፣ ዓይኑ ይፈዛል፣ ለምግብ ሲቀሰቅሱት አይነቃም። እርግብግቢቱን በጣታችሁ ዳብሱት፤ ሳያለቅስ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ ሳለ ወደ ላይ ካበጠና ከወጠረ ውስጥ ግፊት አለ ማለት ነው። ጨቅላ ሲሆን ደግሞ ትኩሳት እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ ሰውነቱ ከመሞቅ ይልቅ ቀዝቅዞ ታገኙታላችሁ።

ሽፍታውንም ልንገራችሁ። ሜኒንጎኮከስ ደም ሲመርዝ ቆዳ ላይ ትንንሽ ቀይ ወይም ወይን ጠጅ ነጥቦች ይወጣሉ፤ ሲጫኗቸው አይደበዝዙም። በጠይም ቆዳ ላይ በቀላሉ አይታዩም፤ ስለዚህ የእጁን መዳፍ፣ ውስጥ እግሩን፣ የታችኛውን የዓይን ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ፣ አፉንም ከፍታችሁ ላንቃውን እዩ። ትኩሳት ያለበት ልጅ ላይ እነዚህን ነጥቦች ካያችሁ የምትጠብቁት ምንም ነገር የለም፤ ልጁን ይዞ መሮጥ ብቻ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ ግን ትኩሳትና ራስ ምታት ሲመጣ ቀድሞ የሚባለው "ምች መታው" ነው። ዳማከሴ ይታሻል፣ ይጨመቃል፣ ልጁ ይጠጣዋል፣ ይቀባዋል። ሕፃን ጡት አልይዝ ሲልና ሲያስመልስ ደግሞ "እንጥሉ ወርዶ ነው" ተብሎ እንጥል ቆራጭ ዘንድ ይወሰዳል። ሲያንቀጠቅጠው ክብሪት ተጭሮ ጢሱን ያሸታል፤ ዓይኑ ሲገለበጥ ቡዳ ነው ይባላል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ወላጅ ልጁን የሚወድ ወላጅ ነው፤ ሊወቀስ አይገባውም። እንጥል ማስቆረጥ ግን በራሱ ልጁን ያደማል፣ ለሌላ ኢንፌክሽንም ያጋልጣል፤ ይቅር። ዳማከሴው ይህን ያህል አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ አብሮት የሚመጣው "እስኪ ሌሊቱን ይደር" የሚለው ቃል ነው። ጸበል ለሚወስዱም የምለው አለኝ፦ ልጁ መርፌውን እየተወጋ መጸለይም ማስጸለይም ይቻላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ራሱን የሳተ ወይም የሚያንቀጠቅጠው ልጅ ግን ጸበልም ሆነ ውሃ፣ ዳማከሴም ሆነ ሽሮፕ በአፉ አይሰጠው፤ ወደ ሳንባው ይገባል። በጎኑ አስተኙት፣ ጥርሱ መካከል ምንም አትክተቱ፣ ይዛችሁ ውጡ።

ሁለተኛው መዘግያ ፋርማሲ ነው። ትኩሳት ያዘው ብሎ አንድ ጠርሙስ አሞክሲሲሊን መግዛት ቀላል ሆኗል። በአፍ የሚሰጥ የሽሮፕ መጠን ወደ አንጎል ሽፋን በበቂ አይደርስም። ትኩሳቱን ለአንድ ሁለት ቀን ሊያበርደው ይችላል፤ ወላጅ ተሻለው ብሎ ይዘናጋል፤ ባክቴሪያው በፈሳሹ ውስጥ እየተራባ ይቆያል። ልጁ ሆስፒታል ሲደርስም ችግሩ አያበቃም። ግማሽ የታከመ ባክቴሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ አልበቅል ስለሚል የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ሳናውቅ በግምት እንድናክም ያስገድደናል።

ሦስተኛው መዘግያ የእኛው የባለሙያዎቹ ነው፤ እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ በግልጽ እናገራለሁ። መጠጣት ወይም መጥባት ያቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው፣ የደነዘዘ ወይም አንገቱ የተገተረ ልጅ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሲመጣ መመሪያው የሚለውን ሁላችንም ተምረናል፦ የመጀመሪያውን የአንቲባዮቲክ መርፌ ስጥ፣ የስኳር ማነስን ተከላከል፣ እያንቀጠቀጠው ከሆነ ዳያዜፓም ስጥ፣ ከዚያ በአስቸኳይ ላክ። በተግባር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የሪፈር ወረቀት ብቻ ነው። ወረቀቱን የያዘች እናት መኪና ፍለጋ ትወጣለች፣ ገንዘብ ለመበደር ቤቷ ትመለሳለች፣ ካርድ ለማውጣት ትሰለፋለች። ከገጠር ወረዳ የሚመጣ ልጅ እንዲህ ሆኖ ግማሽ ቀን፣ አንዳንዴም ቀንና ሌሊት ያልፍበታል። ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት የምትሰጥ ያቺ አንድ መርፌ መንገዱን ሙሉ ከልጁ ጋር ትሄዳለች፤ ባክቴሪያውን እየገደለች ትሄዳለች። ለባለሙያው የምትወስድበት ጊዜ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም።

ቆላ አካባቢ ለምትሠሩ አንድ ቃል ልጨምር። የወባ ምርመራው ወባ አለ ካለ በኋላ ሐሳባችን እዚያው ያርፋል። ወባ በሚበዛበት አገር ግን ደሙ ውስጥ ወባ ያለበት ልጅ ማጅራት ገትርም ሊኖርበት ይችላል። ራሱን የሳተ ልጅ ላይ ጥርጣሬው እስኪጠራ ሁለቱንም ማከም ነው።

አሁን ሆስፒታል ደርሰናል፤ ብዙ ቤተሰብ የሚፈራው ነገር ጋ መጥተናል። ሐኪሙ "ከጀርባው ውሃ እንውሰድ" ሲል የአባት ፊት ሲለወጥ አይቻለሁ። አያት እጅ ይዛ "ተዉት፣ ሽባ ይሆንብናል" ስትል ሰምቻለሁ። ስለዚህ ምን እንደሚደረግ ባየሁት ልክ ላሳያችሁ።

ልጁ በጎኑ ይተኛል። ነርሷ አንድ እጇን ከአንገቱ ጀርባ፣ ሌላውን ከጉልበቱ ሥር አድርጋ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ታስጠጋለች፤ ጀርባው ይጎብጣል፣ በአከርካሪ አጥንቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል። ሐኪሙ የዳሌን አጥንት ጫፍ ዳብሶ ከዚያ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን ቦታ ያገኛል፣ በአዮዲን ያጸዳል፣ ቀጭን መርፌ ያስገባል። ሽባ ያደርጋል የሚባለው ፍርሃት መልሱን የሚያገኘው እዚህ ነው፦ ህብለ ሰረሰር ከዚያ ቦታ በላይ ያበቃል። መርፌው የሚገባበት ቦታ ላይ ያለው ፈሳሽና በፈሳሹ ውስጥ የተንጠለጠሉ የነርቭ ክሮች ናቸው። ፈሳሹ ጠብ፣ ጠብ እያለ ይወርዳል፤ በትንንሽ ቱቦዎች ጥቂት ጥቂት ጠብታ ይያዛል። ሰውነት የተወሰደበትን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይተካል። መርፌው ይነቀላል፣ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ልጁ ጥቂት አልቅሶ ይተኛል።

ቱቦውን ከታተመ ጽሑፍ ፊት ስንይዘው ጤነኛው ፈሳሽ ፊደሉን ጥርት አድርጎ ያሳያል። የተበከለው ይደፈርሳል፣ ፊደሉ ይጠፋል። ላቦራቶሪው ነጭ ሴሎችን ይቆጥራል፤ ስኳሩ ቀንሶ፣ ፕሮቲኑ ጨምሮ ያገኘዋል፤ ቀለም አቅልሞ ባክቴሪያውን በማይክሮስኮፕ ያያል፤ የተረፈውን ያበቅላል። ይህን ዘዴ ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ክቪንከ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ዓለም ሁሉ የሚሠራበት ነው። የማንወስድባቸው ሁኔታዎች አሉ፤ ልጁ የደም ዝውውሩ ከተዳከመ (ሾክ ውስጥ ከሆነ)፣ አተነፋፈሱ ከከበደ፣ የራስ ቅል ግፊት ምልክቶች ከጎሉ፣ ወይም የሚወጋው ቦታ ቁስል ካለው እናቆየዋለን። ምርመራው ሲቆይ ግን መድኃኒቱ አይቆይም። ባልደረቦቼ፣ ይህን ደግሜ እለዋለሁ፦ የጀርባው ውሃ ነገ ሊወሰድ ይችላል፤ መርፌው ዛሬ፣ አሁን ይሰጣል።

ሕክምናው ራሱ እንዲህ ነው። ከጨቅላነት ላለፈ ልጅ የምንጀምረው አብዛኛውን ጊዜ በሴፍትሪአክሶን ነው። በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 100 ሚሊ ግራም እንሰጣለን። አንዱ ብልቃጥ 1 ግራም ነጭ ዱቄት ይይዛል፤ ስለዚህ 10 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የቀን መጠኑ ልክ አንድ ብልቃጥ ነው። ቁጥሩን የነገርኳችሁ ቤት እንድታክሙበት አይደለም። ልጅን ከሞት የሚመልሰው ነገር በመዳፍ የሚያዝ አንድ ትንሽ ብልቃጥ መሆኑን እንድታውቁ ብዬ ነው። ከጥቂት ትውልድ በፊት እ.ኤ.አ. እስከ 1930ዎቹ ድረስ በኒሞኮከስ ወይም በሂብ ማጅራት ገትር የተያዘ ልጅ ወላጅ፣ ኒው ዮርክም ይኑር ቪየና፣ የሚጠብቀው ሞትን ነበር። ሰልፋ የተባለው መድኃኒት መጣ፣ ፔኒሲሊን ተከተለ፣ ከዚያ እነዚህ መድኃኒቶች መጡ። ያኔ ማንም ያልነበረውን ዛሬ የወረዳ ሆስፒታል በመደርደሪያው ላይ አስቀምጦታል።

መርፌው የሚቆይበት ጊዜ እንደ ባክቴሪያው ነው። ለሜኒንጎኮከስ ሳምንት ገደማ፣ ለሂብ ከሰባት እስከ አሥር ቀን፣ ለኒሞኮከስ ከአሥር እስከ ዐሥራ አራት ቀን ሊሄድ ይችላል። ልጁ በሦስተኛው ቀን ዓይኑን ገልጦ ሲስቅ ወላጅ ወደ ቤት እንሂድ ማለቱን እረዳለሁ፤ የከብቱ፣ የአዝመራው፣ እቤት የቀሩት ልጆች ጉዳይ አለበት። መርፌው ሳያልቅ መውጣት ግን ያዳነውን ማፍረስ ነው። ሐኪሙ ጨርሷል እስኪል ታገሡ።

ዴክሳሜታሶን ስለተባለው መድኃኒት ባለሙያዎች ስለምትጠይቁኝ በአጭሩ ልመልስ። ሐሳቡ እብጠቱን መቀነስ ነው። በሀብታም አገሮች፣ በተለይ በሂብ በተያዙ ልጆች ላይ መደንቆርን ቀንሷል። ማላዊ ውስጥ በ602 ልጆች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት ግን ጥቅም አላገኘበትም፤ ልጆቹ የመጡት ዘግይተው ነበር። የሚሰጥ ከሆነ ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ጥቂት ቀድሞ ወይም ከእሱ ጋር ነው፤ በማግሥቱ መጀመር ትርጉም የለውም። እዚህም ላይ ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በሰዓት ነው።

መርፌው ብቻውን ልጅ አያድንም። ነርሶቻችን የሚሠሩት ሌላው ሥራ ብዙ ጊዜ አይነገርለትም። የደም ስኳር በየጊዜው ይለካል፤ ያልበላ የታመመ ሕፃን ስኳሩ ሲወርድ አንጎሉ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ኦክስጅን ይሰጣል። መንቀጥቀጡ ይቆማል። መዋጥ ያልቻለ ልጅ በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ የእናቱን ጡት ወተት ያገኛል። እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ ይገለበጣል። ድሮ አንጎል እንዳያብጥ ብለን ፈሳሽ እንከለክላቸው ነበር፤ አሁን የሚመከረው ለዕድሜው የሚገባውን ያህል መስጠት ነው፤ የደረቀ ልጅ አንጎሉ ደም ያጣል።

የጨቅላ ሕፃናት ነገር ይለያል። ለእነሱ ብዙ ጊዜ የምንጀምረው አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን፣ ወይም ሴፎታክሲም ጨምረን ነው። ሴፍትሪአክሶን ዓይናቸው ቢጫ ለሆነ ወይም ካልሲየም በደም ሥር ለሚወስዱ ጨቅላዎች አይሆንም። ሕክምናቸው እስከ ሦስት ሳምንት ይሄዳል። በጨቅላ ክፍሎቻችን ውስጥ መድኃኒት የለመደ ክሌብሲየላ እየተገኘ መሆኑ ደግሞ እንቅልፍ የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ እሱን ከአዲስ መድኃኒት በፊት የሚያቆመው እጅ መታጠብ ነው።

ወደ ክትባት ልመለስ፤ ሰዓቱ ከመቁጠሩ በፊት የሚሠራው እሱ ብቻ ነውና። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በአገራችን የሚሰጠው ፔንታቫለንት በውስጡ የሂብ መከላከያ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ደግሞ የኒሞኮከስ ክትባት ተጨምሯል። ሁለቱም በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በነፃ ይሰጣሉ። ሲወለድ የሚሰጠው ቢሲጂም ሕፃኑን የሳንባ ነቀርሳ ከሚያመጣው ማጅራት ገትር ይጠብቃል። ብዙ እናቶች የመጀመሪያውን አስከትበው ልጁ ስላተኮሰው ሁለተኛውን ያስቀራሉ። የክትባት ትኩሳት በአንድ ሁለት ቀን ይጠፋል። የቀረ ክትባት ካለ ዘገየ ብላችሁ አትተዉት፣ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከቆመበት ይቀጥላል።

በሜኒንጎኮከስ የታመመ ልጅ ካለ ከእሱ ጋር አንድ ቤት የሚያድሩ ሰዎች መከላከያ መድኃኒት ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ሐኪሙን ጠይቁ፣ እሱ ይመርጣል። ጎረቤት ሁሉ መድኃኒት እየገዛ መዋጥ ግን አያስፈልግም። ታሞ የዳነን ልጅ ማግለልም አይገባም፤ ሕክምናው በደንብ ከተጀመረ ከአንድ ቀን በኋላ አያስተላልፍም።

በመጨረሻ ስለዳኑት ልጆች እናገራለሁ፤ እነሱን ከሆስፒታሉ በር ላይ የመርሳት ልማድ አለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከታመሙት ከአምስቱ አንዱ ላይ ከባድ ጉዳት ይቀራል። የሚጥል በሽታ፣ የእጅና እግር መስነፍ፣ የራስ ውሃ መጠራቀም፣ የትምህርት ድካም ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ የሚደበቀው የጆሮ መደንቆር ነው። ባክቴሪያውና እብጠቱ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳሉ። ዐሥር ወር ያልሞላው ሕፃን አልሰማሁም አይልም። ዓይኑ ይከተላል፣ ይስቃል፣ ሰው ሲገባ ዞር ይላል፤ ጥላውን አይቶ እንጂ ድምፁን ሰምቶ አይደለም። ቤተሰብ የሚያውቀው ሁለት ሦስት ዓመት ሞልቶት አልናገር ሲል ነው። ያኔም "አባቱም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው" ይባላል።

ስለዚህ ልጃችሁ ድኖ ስትወጡ የመስማት ምርመራ ቀጠሮ ጠይቁ፤ ከወጣችሁ አራት ሳምንት ሳይሞላ ይደረግ። አንዳንድ ልጅ ከኒሞኮከስ በኋላ የውስጥ ጆሮው በአጥንት መሞላት ይጀምራል፤ የሚተከል የመስሚያ መሣሪያ ሊረዳው የሚችል ከሆነ ለመትከል ያለው ጊዜ አጭር ነው። የማይሰማ መሆኑ ከተረጋገጠ ደግሞ የምልክት ቋንቋን ከሕፃንነቱ ይማር፣ እናንተም አብራችሁት ተማሩ። አዲስ አበባ ውስጥ አልፋ፣ ሆሳዕና ውስጥም መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ይሰጣል። ለሚጥል በሽታ የተሰጠውን መድኃኒት መንቀጥቀጡ ቆመ ብላችሁ በራሳችሁ አታቋርጡ። ጭንቅላቱ በየወሩ በሜትር ይለካ፤ ከወትሮው ፈጥኖ ካደገ ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጡት። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁ፤ ሰው ፊት መጠየቅ የሚከብዳችሁ ካላችሁም እስከ መጨረሻው እዚሁ ስለምቆይ ቀርባችሁ አናግሩኝ።